ጅማ ላይ ተቀምጦ ባቡር መገጣጠም

ጅማ ባቡር ደርሶባት አያውቅም። በቅርብ ያለው ሐዲድ ሰበታ ነው፤ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ። እኔ ግን ማታ ማታ ሱቄን ዘግቼ፣ እራቴን በልቼ የምቀመጠው ትንንሽ ፉርጎና ሎኮሞቲቭ ፊት ነው። ሥራዬ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ስለሆነ ወረንጦና ብየዳ ለእጄ አዲስ አይደሉም። ሱቁ መስኮት ላይ ያስቀመጥኳትን ፉርጎ እያዩ «ይሄ እንዴት ነው የሚሠራው? እኔስ እችላለሁ?» የሚሉኝ ልጆች በዝተዋል። ትችላላችሁ። ይህን የጻፍኩት ለእነሱና እንደነሱ ልባቸው ለተነሳሳ ሁሉ ነው።

ዋናውን ነገር ላስቀድም። ሞዴል የሚሠራው ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ ጎማው፣ ቀጥሎ ሻንሲው፣ ከዚያ አካሉ፣ ጌጡ በመጨረሻ። ሰው ሳጥኑን ሲከፍት ዓይኑ የሚሄደው ወደ መሰላሉና ወደ መስኮቱ ነው። ግን ጎማው ያልተስተካከለ ሞዴል የቱንም ያህል ቢያምር ከሐዲድ ይወጣል። ሁለተኛው ምክሬ ደግሞ በሎኮሞቲቭ አትጀምሩ ነው። በፉርጎ ጀምሩ። ፉርጎ ሞተር የለውም፣ ጥርስ የለውም፣ ሽቦ የለውም። ግን ቀጥ አድርጎ መገጣጠምን፣ ቀለምንና ትዕግሥትን ሁሉ ያስተምራል።

ኪት ማለት ተበታትኖ በሳጥን የሚመጣ ሞዴል ነው። ከፕላስቲክ የተሠራ አለ፤ ከስስ የናስ ላሜራ የተቆረጠ አለ፤ ነጭ ብረት ከሚባለው ቶሎ የሚቀልጥ ቅይጥ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ አለ፤ ሬዚንና ካርቶንም አለ። ለጀማሪ ፕላስቲክ ይሻላል። መጠኑን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሠራው ኤችኦ የሚባለውን ነው፤ 1 ለ 87 ማለት ነው። እውነተኛው ፉርጎ 10 ሜትር ከሆነ ሞዴሉ 11 ሳንቲ ተኩል ይሆናል። ኤን የሚባለው 1 ለ 160 ነው፤ ያው ፉርጎ ከ6 ሳንቲ ትንሽ ይበልጣል። ኤን ቦታ ይቆጥባል፤ ግን ማታ ማታ መብራት እየሄደ እየመጣ ያንን ማየት ለዓይን ከባድ ነው። እኔ ኤችኦ እመርጣለሁ።

የአገራችንን ባቡር መሥራት ለሚፈልግ አንድ ጉዳይ አለ። የድሮው መስመር ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተነስቶ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ግን 1435 ሚሊ ሜትር ነው። 1435ን ለ87 ስታካፍሉት 16.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ የተለመደው የኤችኦ ሐዲድ ይሄው ነው። አንድ ሜትሩን ስታካፍሉት ግን 11.5 ነው። ሞዴል ሠሪዎች ይህንን ወደ 12 አጠጋግተው ኤችኦኤም ይሉታል። ኤችኦኤም በአብዛኛው የስዊዘርላንድ ባቡሮች ነው፤ ዋጋውም አይቀመስም። መላው ምን መሰላችሁ? ቲቲ የሚባለው 1 ለ 120 መጠንም ሐዲዱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የቲቲ ጎማ ላይ በ1 ለ 87 የተሠራ አካል ማስቀመጥ ይቻላል። ይሄ ግን እጅ ከተፍታታ በኋላ ነው። መጀመሪያ አንድ ተራ የ16.5 ፉርጎ ሥሩ።

ኪቱ የሚመጣው በሰው ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ይዞት ይገባል፤ ፕላስቲክ ቀላል ነው፣ አይከብደውም። ቀለም፣ ስፕሬይና የፕላስቲክ ማጣበቂያ እንዲያመጣላችሁ ግን አታስቸግሩት። በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፤ ኤርፖርት ላይ ይወሰድበታል። እሱን እዚሁ ትገዛላችሁ። ዘመዳችሁን የምታስቸግሩት እዚህ ለማይገኘው ይሁን፦ ኪቱ፣ የብረት ጎማ፣ ዲካል ወረቀት (በውኃ ረጥቦ ሞዴሉ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ)፣ ከ0.3 እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሆኑ ቀጫጭን የድሪል ጫፎች።

የቀረው መሣሪያ ከተማው ውስጥ አለ። ሞረድ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ትንሽ ሞርሳ፣ ጥሩ ካተር፣ ወረንጦ፣ የብርጭቆ ወረቀት። የብርጭቆ ወረቀቱ ከ400 ቁጥር በላይ ይሁን፤ 800 ካገኛችሁ በጣም ጥሩ። ስቴኪኒ ማጣበቂያ ለመቀባት ይሆናል። የልብስ መቆንጠጫ እስኪደርቅ ይይዝላችኋል። አንድ የማልደራደርበት ነገር ደግሞ መስታወት ነው። መስታወት ቤት ሄዳችሁ የእጅ መዳፍ ሁለት እጥፍ የሚሆን ቁራጭ አስቆርጡ፤ ጠርዙንም ያለስልሱላችሁ። ጠረጴዛ ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ ቀጥ አይደለም። መስታወት ቀጥ ነው። ሥራው ሁሉ የሚለካው በእሱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጎማው። መጀመሪያ ጎማዎቹን ከሻንሲው ሳታገናኙ በካሊፐር (ትንሽ ርቀት በሚለካው መሣሪያ) ለኩ። በ16.5 ሐዲድ የሁለቱ ጎማዎች የውስጥ ለውስጥ ርቀት 14.4 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ከጠበበ ወይ ከሰፋ መስቀለኛው ሐዲድ ላይ ሲደርስ ይዘላል። ጎማውን በእጅ እያጠማዘዛችሁ በአክሱ (ሁለቱን ጎማ በሚይዘው ብረት) ላይ ማንሸራተት ትችላላችሁ። ከዚያ ሻንሲውን ግጠሙ፤ ገና ማጣበቂያ ሳይነካው። መስታወቱ ላይ አስቀምጡትና አራቱን ማዕዘን በየተራ በጣት ጫን ጫን አድርጉት። ከተወዛወዘ አንዱ ጎማ አየር ላይ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ስስ ወረቀት በየጎማው ሥር አስገቡ፤ ሳይያዝ የሚያልፈው እሱ ነው። በዚያ በኩል ባለው የአክስ ማረፊያና በሻንሲው መሃል ቀጭን ወረቀት አስገብታችሁ ጎማውን ወደ ታች አውርዱት። አራቱም ወረቀት ሲይዙ ያን ጊዜ አጣብቁ።

ረጅም ፉርጎ ባለ ሁለት ቦጊ (ከፉርጎው ሥር ለብቻው የሚዞር የጎማ ማቀፊያ) ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። አንዱን ቦጊ ብሎኑን በደንብ አጥብቃችሁ ግራና ቀኝ መዞር ብቻ እንዲችል አድርጉት። ሁለተኛውን ላላ አድርጉት፤ በየአቅጣጫው ትንሽ ይወዝወዝ። ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ያልተስተካከለ መሬት ላይ እንኳ የማይወዘወዘው በሦስት ነጥብ ስለሚያርፍ ነው፤ ፉርጎውም በዚሁ መንገድ ሦስት ማረፊያ ያገኛል።

ቀጥሎ ክብደት። ቀላል ፉርጎ ከርቭ ላይ ይገለበጣል። ለኤችኦ የአሜሪካ ሞዴል ባቡር ማኅበር ያወጣው መለኪያ አለ፦ 28 ግራም መነሻ፣ በተጨማሪ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ርዝመት 14 ግራም። 15 ሳንቲ ፉርጎ እንግዲህ 112 ግራም ገደማ ይመዝናል ማለት ነው። ዳዶ ወይም ቁራጭ ብረት ከወለሉ በላይ፣ በተቻለ መጠን ዝቅ ብሎ፣ መሃል ላይ በኢፖክሲ ይጣበቅ። ጎሚስታ ቤት የሚገኘውን የእርሳስ ሚዛን የምትጠቀሙ ከሆነ እጃችሁን በደንብ ታጠቡ። እርሳስን በነጭ የእንጨት ማጣበቂያ ግን አታጣብቁ። ከጊዜ በኋላ እያበጠ ፉርጎውን ይሰነጥቀዋል።

መጨረሻ ላይ አንድ ሜትር ጣውላ ላይ ሐዲድ ዘርጉና አንዱን ጫፍ 3 ሳንቲ ከፍ አድርጉ። ፉርጎው ሳይገፋ መንከባለል አለበት። እዚህ ካለፈ የሥሩን ሥራ ጨርሳችኋል።

ማጣበቂያን በተመለከተ ሱፐር ግሉ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ ጭነት ለሚሸከም ቦታ ባለሁለት ቱቦውን ኢፖክሲ ተጠቀሙ። ሱፐር ግሉ የሚደርቀው በአየር ውስጥ ባለው እርጥበት ነው። ስለዚህ ጅማ ላይ፣ በተለይ ክረምት፣ ከጠበቃችሁት በላይ ይፈጥናል። ክፍሉን ቀድማችሁ አስተካክላችሁ ያዙ፤ ከዚያ በስቴኪኒ ጫፍ ጠብታ አስነኩት፤ እሱ ራሱ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። የመስኮት ፕላስቲክ አጠገብ ግን አይሁን። ጭሱ መስታወቱን ነጭ አድርጎ ያደበዝዘዋል።

አሁን ሁሉም ሰው ወደሚወደው ክፍል፣ ወደ ዝርዝሩ እንምጣ። ብዙ ርካሽ ኪት ላይ የእጅ መያዣውና መሰላሉ ከአካሉ ጋር ተጣብቆ እንደ እብጠት ነው የሚመጣው። እሱን በካተር ቀስ ብሎ ቀርፎ በእውነተኛ ሽቦ መተካት ሞዴሉን ሌላ ያደርገዋል። እዚህ ጋ ሒሳብ ሥሩ። እውነተኛው የእጅ መያዣ 3 ሳንቲ ውፍረት ቢኖረው በ1 ለ 87 የሚሆነው 0.35 ሚሊ ሜትር ነው። የኔትወርክ ኬብል ውስጥ ያለው መዳብ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለቧንቧ ይሆናል፣ ለእጅ መያዣ ግን ወፍራም ነው። ቀጭኑ የጊታር ክር 0.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይሄ ለእጅ መያዣ ይሆናል። ብረት ስለሆነ ጠንካራም ነው።

መዳብ ሽቦ ሲገዛ የተጠማዘዘ ነው። በጣት ብታቃኑት ይብሳል። አንዱን ጫፍ ሞርሳ ላይ እሰሩ፣ ሌላውን በፒንሳ ያዙና ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ጥቂት ሲለጠጥ በእጃችሁ ይሰማችኋል፤ እዚያ ላይ አቁሙ። ሲለቀቅ ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ ቀዳዳውን በ0.4 ድሪል በእጅ እያዞራችሁ ብሱ። በኤሌክትሪክ ድሪል አይሆንም፤ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ሁሉም መያዣ እኩል እንዲሆን ከካርድ ትንሽ መለኪያ ቁረጡ፤ ሽቦውን በእሱ ላይ እጠፉት። ሲገባም ካርዱን ከሥሩ አድርጋችሁ ሱፐር ግሉውን ከጀርባ አስነኩ። ካርዱ ሲወጣ ሁሉም በእኩል ርቀት ቆመው ታገኟቸዋላችሁ። ያቺ ደቂቃ በጣም ደስ ትለኛለች።

የናስ ኪት ከመጣላችሁ አትፍሩት። ላሜራው ላይ ግማሽ የተበላ መስመር ታያላችሁ፤ ማጠፊያው እሱ ነው። መስመሩ ወደ ውስጥ ሆኖ ነው የሚታጠፈው። ሁለት የብረት ማስመሪያ መሃል አስገብታችሁ፣ ሞርሳ ላይ አጥብቃችሁ፣ በአንድ ጊዜ እጠፉት፤ መለስ ቀለስ ካደረጋችሁት ይሰበራል። ለብየዳ ናሱን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፣ ፍላክስ (ብየዳው እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) ቀቡ፣ ሊዱን፣ ማለትም የሚቀልጠውን የብየዳ ሽቦ፣ ትንሽ ብቻ አስነኩ። ስልክ የሚጠግን ሰው አጠገባችሁ ካለ አንድ ከሰዓት ብትቀመጡበት ይበቃችኋል። አሲድ ያለው ፍላክስ ከሆነ የዚያኑ ዕለት በሙቅ ውኃ፣ በዕቃ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት። ካደረ ናሱ አረንጓዴ ይሆናል፤ ቀለምም አይይዝም። ነጭ ብረትን ግን በተራ መበየጃ አትንኩ። ዓይናችሁ እያየ ኩሬ ይሆናል። በኢፖክሲ አጣብቁት።

ቀለም ላይ ከማንም በላይ የሚያዝዘው የጅማ አየር ነው። ከተማችን አረንጓዴ የሆነችው በዝናቡ ነው፤ ያው ዝናብ ግን የቀለም ጠላት ነው። ከቲነር ጋር የሚሠራ ስፕሬይ እርጥብ አየር ላይ ሲረጭ ቲነሩ ቶሎ ይተናል፣ ላዩን ያቀዘቅዘዋል፣ ውኃ ከአየሩ ይስባል። ጥቁሩ ቀለም ወተት እንደፈሰሰበት ነጭ ይለብሳል። ስለዚህ እኔ ክረምቱን በሙሉ የምገጣጥም ነኝ፤ ስፕሬዩን የማነሳው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ያውም ጤዛው ከተነሳ በኋላ፣ ከረፋዱ እስከ እኩለ ቀን። ክረምት ላይ የግድ መቀባት ካለባችሁ በውኃ የሚበጠበጠውን አክሪሊክ ቀለም በብሩሽ ተጠቀሙ፤ በስሱ፣ ደጋግማችሁ። በኮምፕረሰር የምትረጩ ከሆነ ደግሞ የውኃ ማጣሪያ ይኑረው። የተጨመቀ አየር ውኃ ይተፋል።

ከቀለም በፊት ሞዴሉን በሳሙና እጠቡ፤ የጣት ቅባት ቀለምን ይገፋል። ከዚያ አንቲረስት ወይም ሌላ ፕራይመር በስሱ። ግራጫ ፕራይመር የተደበቀ ጭረትን ሁሉ ያወጣዋል። ከተቀባ በኋላ ባዶ የጫማ ካርቶን ድፉበት፤ አቧራ እንዳይወርድበት። ሥራውን ከቤት ውጭ ወይም መስኮት ተከፍቶ፣ ከሰል ከተያያዘበት ቦታ ርቃችሁ ሥሩ። ቲነር ቀልድ አያውቅም።

ጽሑፉ የሚለጠፈው በዲካል ነው። ዲካል ደብዛዛ ቀለም ላይ ሲለጠፍ ከሥሩ አየር ይይዝና ብልጭ ብልጭ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ፣ ከዚያ ዲካሉ፣ ከዚያ ደብዛዛ ቫርኒሽ። የምታነሱትን ዘመን ቀድማችሁ ምረጡ። የድሮው መስመር ኩባንያ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 ወዲህ ነው የጅቡቲና የኢትዮጵያ የሆነው። የ1950ዎቹን ዘመን በሚያሳይ ሎኮሞቲቭ ላይ የ1981ን ስም መለጠፍ የሚያውቅ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። ፎቶ ሳታዩ ምንም አትለጥፉ። ከተቻለ አንዲት ፎቶ መርጣችሁ እሷኑ ሥሩ።

ሞዴሉን ያረጀ ማስመሰልን ያስተማሩኝ ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ አንድ አባት ናቸው። ሬዲዮ ሊያሠሩ መጥተው መስኮቱ ላይ ያለችውን ፉርጎ አዩ።

«ልጄ፣ ይሄ ፉርጎ ሥራ ገብቶ አያውቅም እንዴ?»

«ምኑን አይተው ነው ጋሼ?»

«በሩን ነዋ! ወዛደር በሩን የሚገፋው የት ጋ ነው? ቀለሙ የሚለቀው እዚያ ነው። ጣራውን ደግሞ ፀሐይ ነው የምትበላው። አንተ ሁሉንም እኩል አቆሸሽከው።»

ከዚያ ወዲህ ቆሻሻ ከማድረጌ በፊት «ማን ነካው? ምን ረጨው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጣራው ላይ የመሠረቱን ቀለም በነጭ አቅልዬ አስነካዋለሁ። በሩ እጀታ ዙሪያ በስፖንጅ ቁራጭ ጥቁር ቡናማ ነካ ነካ። ከጎማው አጠገብ የፍሬኑ ብረት የሚረጨው የዝገት ቀለም። አቧራው የተፈጨ ጠመኔ ነው፤ በለስላሳ ብሩሽ ይነፋል፣ በደብዛዛ ቫርኒሽ ይያዛል። አፈር በወንፊት ነፍቶ መጠቀምም ይቻላል። ግን የጅማን ቀይ አፈር አዋሽ ሜዳ ላይ ለሚሄድ ፉርጎ አትቀቡ። ያ መስመር መተሐራ ላይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከዚያ ወዲያ ፈዘዝ ያለ አቧራ ነው ያለው። ቡና ለመጫን የፈለገ ደግሞ የቡና ፍሬ ፉርጎ ላይ አይበትን። አንድ ሳንቲ የሆነች ፍሬ በ1 ለ 87 ስትሰላ 87 ሳንቲ ናት፤ በግ ታክላለች። የተፈላ ቡና ዝቃጭ ግን በደንብ ከደረቀ ጥሩ አፈር ይወጣዋል። ሳይደርቅ ከተጣበቀ በሳምንቱ ይሻግታል።

ሻጋታ ካነሳን፣ ያለቀ ሞዴል የሚቀመጠው በሚዘጋ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ነው። ከአዲስ ጫማና ቦርሳ ጋር የምትመጣውን እርጥበት የምትመጥ ከረጢት አትጣሏት፤ እዚያ ውስጥ ጨምሯት። ሱፐር ግሉውንም አብራችሁ አስቀምጡት፤ ዕድሜው ይረዝማል። የካርቶን ኪት የሠራ ሰው ውስጡንም ውጩንም ቫርኒሽ ያልብሰው። አንድ ጎኑን ብቻ የተቀባ ካርቶን በመጀመሪያው ዝናብ ይቆለመማል።

ሁለት ሦስት ፉርጎ በደንብ ከሄዱላችሁ በኋላ ሎኮሞቲቭ ክፈቱ። እዚህም ሕጉ ያው ነው፤ ከታች ወደ ላይ። ሞተሩን ከማስገባታችሁ በፊት ሻንሲውን በእጅ ገፋ ገፋ አድርጉት። ያለ ሞተር በነፃነት ካልተንከባለለ በሞተርም አይሄድም፤ ሞተሩን ያቃጥለዋል እንጂ። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከሆነ ጎማዎቹን የሚያያይዝ ዘንግ አለው። የግራው ጎማ ክራንክ ከቀኙ ጋር 90 ዲግሪ ተለያይቶ መቆም አለበት፤ በሁሉም አክስ ላይ ደግሞ እኩል። አንዱ ትንሽ ከተዛባ በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ይይዛል። የሚይዝበትን ቦታ በማርከር ምልክት አድርጉ፤ ጎማውን መልሳችሁ አስተካክሉ። ካልሆነ ብቻ የዘንጉን ቀዳዳ በጥቂቱ አስፉ። ለጀማሪ ግን ናፍጣ ሎኮሞቲቭ ይቀላል፤ ብዙውን ጊዜ ይህ ዘንግ የለውም።

ሞተሩ ላይ ያለው ጠመዝማዛ ጥርስ አክሱ ላይ ካለው ጥርስ ጋር ሲገናኝ በጣም ቢጠብቅ ይጮኻል፣ ቢላላ ይዘላል። በመሃላቸው የሲጋራ ወረቀት ቁራጭ አስገቡ፤ ሞተሩን እስኪነካ አስጠጉና ብሎኑን አጥብቁ። ከዚያ ወረቀቱን እያዞራችሁ አውጡ። የሚቀረው ክፍተት ልኩ ነው። ከሐዲዱ በጎማው በኩል ኮረንቲ የሚለቅሙት ሽቦዎች ጎማውን በጀርባው በኩል ነካ ብቻ ያድርጉት፤ ከተጫኑት ፍሬን ይሆናሉ።

ሞተሩ ባለ 12 ቮልት ዲሲ ከሆነ መጀመሪያ ከ3 ቮልት ጀምሩ። ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ግማሽ ሰዓት ወደፊት፣ ግማሽ ሰዓት ወደኋላ ያለ ጭነት ይሂድ፤ ጥርሶቹ እርስ በርስ ይላመዳሉ። መብራት የሚያስቸግር ሰፈር ከሆናችሁ የሞተር ሳይክል ባትሪ ከመቆጣጠሪያ ጋር ሥራውን ይሠራል፤ ፊውዝ ግን አስገቡበት። የስፌት መኪና ዘይት በመርፌ ጫፍ፣ ለእያንዳንዱ አክስ አንዲት ጠብታ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ጎማው ይወርዳል፣ አቧራ ይይዛል፣ ኮረንቲውን ይከለክላል። ሲቆራረጥ ሞተሩን ከመፍታታችሁ በፊት ጎማውንና ሐዲዱን አልኮል በነካው ጨርቅ ጥረጉ። ዘጠና ከመቶው ችግር እዚያ ነው ያለው።